«ለጊዜው አልሆነም» እያሉ ግማሹን ፋኩልቲ የቀጠሩልን ባልደረባችን

የምህንድስና ፋኩልቲያችንን የመምህራንና ተመራማሪዎች ቅጥር ኮሚቴ ለሃያ ሰባት ዓመታት በጸሐፊነት ያገለገሉት፣ ከዲን ቢሮ እስከ ጥበቃ ክፍል ድረስ ሁሉም «ጋሽ ለጊዜው» እያለ የሚጠራቸው ባልደረባችን ባሳለፍነው ማክሰኞ ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ፋኩልቲው በእርሳቸው መለየት የተሰማው ሐዘን ከባድ ነው። ይህን የምንጽፈው ግን በሐዘን ብቻ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ብንናገር ይሻላል።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሆነውን ነገር ሳንናገር ስለ እርሳቸው መናገር አልቻልንም። የኮሚኒኬሽን ክፍሉ የመግለጫውን ረቂቅ ሁለት ጊዜ መልሶብናል። በመጀመሪያ «አንድ ገጽ ይበቃል» አለን፤ ቀጥሎም «ሐዘኑንና ደስታውን ለያይታችሁ በሁለት ማስታወቂያ አውጡት» አለን። ምክሩን በአክብሮት ተቀብለን ሳንሠራበት ቀርተናል። መለያየት ብንችልማ ኖሮ ራሳችን በለየነው ነበር።

ጋሽ ለጊዜው ወደ ፋኩልቲው የመጡት በሜካኒካል ላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ነው። የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራቸውም፤ እስከ መጨረሻውም አልያዙም። ነገር ግን አንድ ዶክተር ለማስተማር የሚመጣ ይሁን ለማዕረግ ብቻ የሚመጣ፣ በር ላይ ጫማውን ሲጠርግ አይተው ይለዩት ነበር። ስለዚህ ችሎታቸው ሲጠየቁ «ማሽንም ሰውም ከመበላሸቱ በፊት ድምፁ ይለወጣል» ከማለት በቀር ማብራሪያ ሰጥተው አያውቁም።

ወደ ቅጥር ኮሚቴው የገቡት ፋኩልቲውን ባሳፈረ ነገር ሰበብ ነበር። በጊዜው ያወጣነው የቅጥር ማስታወቂያ «ዘመናዊ የውሃ ኃይል ላቦራቶሪ» እንዳለን ይናገር ነበር። አንድ የታወቁ ተመራማሪ ይህን አምነው፣ ቤታቸውን ነቅለው፣ አልጋና ቁም ሳጥናቸውን አስጭነው መጡ። ላቦራቶሪው ሲከፈትላቸው ትልቁ ፓምፕ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሸራው ሲገለጥ ደግሞ ፓምፑ ዘንግ የለውም፤ ዘንጉ ከተሰበረ አራት ዓመት ሆኖታል። ተመራማሪው በሦስተኛው ሳምንት ቁም ሳጥናቸውን መልሰው አስጫኑ።

የዚያን ዕለት በተጠራው ስብሰባ ሁሉም ጥፋቱን ሌላው ላይ ሲያላክክ፣ መፍቻ እንደያዙ በር ላይ ቆመው የነበሩት ቴክኒሻን ሳይፈቀድላቸው ተናገሩ። «እንግዳ ጠርተን ባዶ ቤት ነው እኮ ያሳየነው! ዘንግ የለንም ብንላቸው ኖሮ ዘንግ ይዘው ይመጡ ነበር» አሉ። የወቅቱ ዲን ተናደው «እንግዲያው ማስታወቂያውን አንተ ጻፈው!» አሏቸው። እርሳቸውም ወንበር ስበው ጻፉት። ጸሐፊነታቸው የተጀመረው በዚህ መልክ ሲሆን የሹመት ደብዳቤያቸው የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በአገልግሎታቸው ሁለተኛ ዓመት ለኤሮዳይናሚክስ ምርምር ያወጡት ማስታወቂያ በፋኩልቲው ሰነድ ክፍል ተጠብቆ ይገኛል። እንዲህ ይላል፦ «የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ አለን። ማራገቢያው አይዞርም። በዝናብ ጊዜ ጣሪያው ያፈሳል። አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች አሉን፤ ጎበዞች ናቸው፤ መምህር የላቸውም። ማራገቢያውን ማዞር የምትችሉ ኑ።» የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ገመናችንን አደባባይ አወጣችሁት ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልን። ደብዳቤው በደረሰን ሳምንት ስድስት አመልካቾች መጡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ማስታወቂያዎች አንድም ሰው አልመጣም ነበር።

ከስድስቱ አንዱ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ኪሳቸው ውስጥ መለኪያ ይዘው ነበር፤ ወንበሩን አልፈው በቀጥታ ወደ ማራገቢያው ሄዱ። ኮሚቴው ጥያቄዎቹን ያቀረበላቸው እርሳቸው በሆዳቸው ተኝተው የማራገቢያውን ኩሽኔታ ሲፈትሹ ነው። ማራገቢያው በአርባኛው ቀን ዞረ! የፈተና ወረቀት በኮሪደሩ ተበተነ፣ በሩ በራሱ ጊዜ ተዘጋ፣ ሕንፃው ሁሉ ደረጃ ላይ ወጥቶ አጨበጨበ። ያን ዕለት የነበርን ሰዎች ነገሩን ስናወራው ዛሬም ድምፃችን ከፍ ይላል።

በአገልግሎታቸው አምስተኛ ዓመት፣ ዛሬ የምንጠራቸውን ስም ያወጣላቸውን አሠራር ዘረጉ። እስከዚያ ድረስ ያልተመረጠ አመልካች ምንም አይነገረውም ነበር፤ ዝምታውን አይቶ እንዲገባው ይተዋል። እርሳቸው ይህን ነውር ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ የተመረጠው ሰው በፈረመ ማግሥት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ላልተመረጡት ሁሉ በየተራ ይደውሉ ጀመር። የሚደውሉት ቆመው ነው። «እምቢታ ተቀምጠው አይናገሩትም። ባያዩኝም መቆሜን ከድምፄ ያውቁታል» ይሉ ነበር።

ቃላቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ለጊዜው አልሆነም። ምክንያቱን ልንገርዎት፤ እስክሪብቶ ይያዙ።» ምክንያቱን ሳይሸፋፍኑ ይናገራሉ፤ ከዚያም አረንጓዴ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ የሰውየውን ስም፣ የጎደለውን ነገርና የተደወለበትን ወር ይጽፋሉ። በዓመቱ፣ በዚያው ወር መልሰው ይደውላሉ። «ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» ብለው ይጠይቃሉ። በሁለተኛው ዓመትም ይደውላሉ፤ በሦስተኛውም። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱም ሌላ ቦታ ከተቀጠረ በኋላ ሳይቀር ጥሪውን እንደ ዘመድ ስልክ ይጠብቃል።

የአሠራሩን ውጤት በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል። ዛሬ ካሉን አርባ አንድ ቋሚ መምህራንና ተመራማሪዎች ሃያ አንዱ በዚያ ደብተር ውስጥ ያለፉ ናቸው። የአሁኗ ዲናችን ራሳቸው ሁለት ጊዜ «ለጊዜው» ተብለዋል። ሁለተኛው ጥሪ የደረሳቸው ገበያ ላይ ነበር። «ሽንኩርቱን አስቀምጬ የሻጩን እስክሪብቶ ተቀበልኩና ጥፋቴን መዳፌ ላይ ጻፍኩት» ብለው በቢሮአቸው ለሚሰበሰብ አዲስ መምህር ሁሉ ይናገራሉ።

በዘጠነኛው ዓመት የሆነውን ስህተት ፋኩልቲው እስከ ዛሬ በይፋ አላመነም ነበር፤ አሁን ያምናል። ለኤሌክትሪክ ኃይል ምርምር ከቀረቡት አመልካቾች የአሥራ አራተኛው መዝገብ ባለቤት አልፈው ፈርመዋል፤ የአሥራ አምስተኛው ወድቀዋል። ጋሽ ለጊዜው ቆመው፣ በተለመደው ትሕትና፣ ላለፉት ሰው ደውለው የወደቁትን ሰው ሦስት ጥፋቶች አንድ በአንድ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዷቸው። ሰውየው የፈረሙት ውል ተሰርዞ እንደሆነ ገምተው በጸጥታ ሰሙ። በመጨረሻም «አመሰግናለሁ፤ ለከርሞ አስተካክዬ እመጣለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

መዝገቡን ገልበጥ ሲያደርጉ ጋሽ ለጊዜው ክው አሉ። ኮታቸውን ሳይደርቡ በታክሲ ከተማውን አቋርጠው ሰውየው ቤት ደረሱ። ሰውየው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው የተነገራቸውን ጥፋት ማረም ጀምረዋል። «ወንድሜ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ እኮ አልፈዋል!» አሏቸው። ሰውየው ቀና ሳይሉ «ማለፌስ እሺ፤ ሁለተኛዋ ጥፋት ግን የእኔም ነበረች። ቁጭ ይበሉ፣ ይቺን ልጨርስ» ብለው መለሱ። እኚህ ሰው ዛሬ የኤሌክትሪክ ኃይል ትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። በየስብሰባው «በዚህ ፋኩልቲ ካለፈ በኋላ የወደቀ እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ይኮራሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንኛውም ጥሪ በፊት የመዝገቡ ቁጥር ሌላ ሰው እየሰማ ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበባል።

በአሥራ አራተኛው ዓመት የሮቦቲክስ ተመራማሪያችንን ያመጡበት መንገድ በሌሎች ፋኩልቲዎች ሳይቀር እየተጠቀሰ ነው። ተመራማሪዋ ከሌላ ተቋም የተሻለ ጥሪ ቀርቦላቸው ነበር። ጋሽ ለጊዜው ስለ ላቦራቶሪው አንድ ቃል አልተናገሩም። በዙሪያው ያሉትን ሦስት ትምህርት ቤቶች በእግራቸው ዞረው ለተመራማሪዋ ሁለት ሕፃናት ልጆች ቦታ አገኙ። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ላቦራቶሪው በር ያለውን መንገድም በሕፃን እርምጃ ተራምደው ለኩት። በቅጥር ደብዳቤው ግርጌ በእጃቸው «አሥራ አንድ ደቂቃ፤ አንድ አስፋልት ብቻ ይሻገራሉ» ብለው ጻፉበት። ተመራማሪዋ ደብዳቤውን ፈርመው የመለሱት በዚያው ሳምንት ነው።

አሁን ወደዚህ ሳምንት እንምጣ።

የቁሳቁስ ምህንድስና የዶክትሬት ፕሮግራማችን በደንቡ መሠረት አምስት ቋሚ ተመራማሪዎች ሊኖሩት ይገባል። አንዱ በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ አራት ብቻ ቀርተው ነበር። ለአምስተኛው ቦታ ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ አውጥተን አልተሳካልንም። ዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ ቀነ ገደብ ሰጠን፤ ትናንት ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። እስከዚያ የተፈረመ ውል ካልቀረበ ፕሮግራሙ ይዘጋል። አሥራ አራቱ የዶክትሬት ተማሪዎች ወደ ሌላ ዘርፍ ተበትነው፣ አንዳንዶቹ የአራት ዓመት ልፋታቸውን ጥለው፣ ከዜሮ ይጀምራሉ። ሁለት ዓመት ለምነን ያስተከልነው የከፍተኛ ሙቀት ምድጃም ወደ ሌላ ተቋም ይዛወራል።

በአራተኛው ማስታወቂያ አምስት ሰዎች አመለከቱ። ኮሚቴው የመረጣቸው አንዲት የሴራሚክ ተመራማሪን ነው። ተመራማሪዋ ለእኛ አዲስ አልነበሩም፤ ከስምንት ዓመት በፊት አመልክተው በጋሽ ለጊዜው አንደበት «ለጊዜው» ተብለዋል። የአረንጓዴው ደብተር ገጽ የያኔውን ምክንያት እንዲህ መዝግቦታል፦ «ምርምሯ አንደኛ ነው። ሁሉንም ግን ብቻዋን ነው የሠራችው። ተማሪ አስከትላ አታውቅም። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ላቦራቶሪ አያቆምም።» ከሥሩ ያለውን፣ የጋሽ ለጊዜውን ቤተሰብና ባለጉዳይዋን አስፈቅደን፣ እንዳለ እናቀርባለን።

«አንደኛ ዓመት፦ ደወልኩ፤ አላነሳችም።
ሁለተኛ ዓመት፦ አነሳች። ተቆጣች። አልፈርድባትም።
ሦስተኛ ዓመት፦ ዛሬም ተቆጣች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችውም።
አራተኛ ዓመት፦ አንድ ተማሪ ይዣለሁ አለች። ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ተማሪው ብቻ አወራችኝ።
አምስተኛ ዓመት፦ ቀድማኝ ደወለች!
ስድስተኛ ዓመት፦ ሁለት ተማሪ አላት። አንደኛው ሰነፍ ነው ብላ አማችው።
ሰባተኛ ዓመት፦ ሰነፉ ጎበዘ።
ስምንተኛ ዓመት፦ አመለከተች። ተመረጠች። ሦስቱን ተማሪዎቼን ጥዬ አልመጣም አለች። ይዘሻቸው ነይ አልኳት። አስባለሁ አለች። ታስብ።»

የመጨረሻው መስመር የተጻፈው ከማረፋቸው አሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ተመራማሪዋ መልሳቸውን እስከ ዓርብ ለእርሳቸው በስልክ ሊነግሩ ቃል ገብተው ነበር። ማክሰኞ ማለዳ እርሳቸው ዐረፉ። መልሱ ለማን እንደሚነገር፣ ተነግሮ ይሁን ሳይነገር፣ ከእኛ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ወደ ተመራማሪዋ ስንደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ሐሙስም ዝግ ነው። የጋሽ ለጊዜውን አስከሬን ሸኝተን ስንመለስ አሥራ አራቱ ተማሪዎች ምድጃው አጠገብ ተደርድረው ቆመው አገኘናቸው።

በፋኩልቲው መግቢያ አዳራሽ የሐዘን መዝገብ ተከፍቶ ነበር። በመዝገቡ ላይ ስም፣ የመጡበት መሥሪያ ቤትና ፊርማ የሚሰፍርባቸው ሦስት ዓምዶች አሉ። መዝገቡን የሚያስፈርሙት ከጋሽ ለጊዜው ጋር ሃያ ዓመት የሠሩት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ነበሩ። የጋሽ ለጊዜው ባለቤትና ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጠው የሚመጣውን ሰው ይቀበላሉ።

ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጫማቸው አቧራ የጠጣ አንዲት ሴት ገቡ። ከኋላቸው ሦስት ወጣቶች የናሙና ሣጥን ተሸክመዋል። ሴትየዋ ለቤተሰቡ አንገታቸውን ደፍተው ሐዘናቸውን ከገለጹ በኋላ መዝገቡን ፈረሙ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውርደው አዩና ቀስ ብለው «እህቴ፣ ተሳስተዋል መሰለኝ። እዚህ ጋ የሚጻፈው የመጡበት መሥሪያ ቤት ነው፤ እርስዎ የእኛን ፋኩልቲ ነው የጻፉት» አሏቸው።

ሴትየዋም «አልተሳሳትኩም» አሉ።

ቀጥሎ የሆነውን ከደንብ ውጭ መሆኑን እያወቅን እንመዘግባለን። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ሴትየዋን አዩ፤ ሣጥኖቹን አዩ፤ ሦስቱን ወጣቶች ቆጠሩ። ከዚያ በሐዘን አዳራሽ መካከል፣ ቤተሰቡ ፊት፣ «እልል!» አሉ። ወዲያው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር፤ ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል። የጋሽ ለጊዜው ባለቤት ቀና ብለው «ምን ተገኘ?» ሲሉ ጠየቁ። ተመራማሪዋ ራሳቸው ዝቅ ብለው ነገሯቸው።

«ማክሰኞ ጠዋት እሺ ልላቸው ደውዬ ነበር፤ እርስዎ አነሱት» አሉ። ባለቤታቸውም «አንዲት ሴት ደውላ አለቀሰች። ማን እንደሆነች እንኳ አልጠየቅኋትም» አሉና እጃቸውን ያዟቸው። ተመራማሪዋም «መልሱ የእርሳቸው ነበር። እርሳቸው ወዳሉበት ላምጣው ብዬ ተነሳሁ። ልጆቹንና ሣጥኑን ይዤ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬም ሞተብኝ» ብለው ጨረሱ። ባለቤታቸው ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ወደ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ዞረውም «አፍሽን ልቀቂው! እሱ ቢኖር አንቺን ነበር እንዴ የሚጠብቀው?» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ቀስ ብሎ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሮጧል። የኤሌክትሪክ ኃይል ኃላፊው ውሉን ከአታሚው ማሽን ላይ ሳይቀዘቅዝ ነጥቀው አመጡት። ዲናችን የሐዘን መዝገቡ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ፈረሙ፤ ተመራማሪዋ በዚያው እስክሪብቶ ፈረሙ። ውሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ገቢ ሆነ፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ተርፎን! ፕሮግራሙ አይዘጋም። አሥራ አራቱም ተማሪዎች በያዙት ሥራ ይቀጥላሉ፤ ከሦስቱ አዲስ መጤዎች ጋር አሥራ ሰባት ሆነዋል። ምድጃው ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ተለኩሷል፤ በዚህ ሰዓት ፍም መስሎ ቀልቷል።

ይሁንና ሥራው አላለቀም ነበር። አንድ ሰው ሲመረጥ አራት ሰዎች አልተመረጡም፤ የተመረጠው በፈረመ ማግሥት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ስልክ ይደወላል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ያንን ስልክ ከጋሽ ለጊዜው በቀር ደውሎት የሚያውቅ ሰው በፋኩልቲው የለም። የምህንድስና ዶክተሮች ሁሉ፣ ግፊትና ሙቀት የማንፈራው ሁሉ፣ ትናንት ማታ በየቤታችን ይህን ጥሪ ስንፈራ አደርን።

ዛሬ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዲናችን የጋሽ ለጊዜውን ቢሮ ከፍተው አረንጓዴውን ደብተር ዘረጉ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ እየሰሙ የመዝገቡን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡ። ወንበሩ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ኃላፊዋ «ዶክተር፣ ይቁሙ እንጂ!» አሏቸው። ቆሙ። የመጀመሪያዋ አመልካች አመስግነው ዘጉ። ሁለተኛው ትንሽ ተቆጡ። ሦስተኛዋ «እስክሪብቶ ላምጣ» ብለው ዲናችንን አስጠበቁ።

አራተኛው የብረት ዝገት ተመራማሪ ናቸው። ጥፋታቸው ዋና ዋና ልኬቶቻቸውን ደግመው አለመለካታቸው ነበር፤ ሰሙ፤ ጻፉ። ከዚያ «ጋሽ ለጊዜው ደኅና አይደሉም እንዴ? እርሳቸው ይደውላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት» አሉ። ዲናችን ማረፋቸውን ነገሯቸው። «ነፍስ ይማር» አሉ ሰውየው። ቀጥለውም «ታዲያ ለከርሞ በዚህ ወር ልኬቱ እንዴት ሆነ ብሎ ማን ይደውልልኛል?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ» አሉ ዲናችን፤ ወሩንም በደብተሩ ላይ ጻፉ። የእጅ ጽሑፉ የተለወጠው ከዚያ ገጽ ጀምሮ ነው።

ይህ መግለጫ የወጣው አራቱ ጥሪዎች ካለቁ በኋላ ነው። ፋኩልቲው ለጋሽ ለጊዜው ባለቤት፣ ለሴት ልጃቸው፣ ለእህትና ወንድሞቻቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖችና ለተማሪዎቻችን በሙሉ ልቡናችሁን ያበርታላችሁ ይላል። ቤተሰባቸው ቤተሰባችን ነው፤ በራችንም ክፍት ነው።

በመጨረሻም ይህ ሐዘን የእናንተም ለሆነ፣ ስማችሁ በአረንጓዴው ደብተር ውስጥ ላለና እስካሁን «ለጊዜው» ላይ ላላችሁ ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ሰዎች፦ በየወራችሁ እንደውላለን። ድምፁ የእርሳቸው አይሆንም፤ የሚደውልላችሁ ሰው ግን ቆሞ ነው። አንሱት።

የምህንድስና ፋኩልቲ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና ሠራተኞች፤ አርባ ሁለተኛዋን ጨምሮ